ደሙ የተወሰደው መቼ ነው?

ላብራቶሪ ውስጥ ስልክ ሲጮህ ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ውጤቱ ደረሰ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው አለ። ትኩሳቱ አልወርድ ብሏል። ሐኪሙ መወሰን አለበት፤ ቤተሰብ በር ላይ ቆሟል። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁሌም መልሼ እጠይቃለሁ። ደሙ የተወሰደው መቼ ነው? አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

አንዳንዱ ይህን ስጠይቅ ቅጽ ለመሙላት ያህል ይመስለዋል። አይደለም። ከዚያ በኋላ የምናገረው ሁሉ በዚህ መልስ ይወሰናል።

ሥራዬ የባክቴሪያ ምርመራ ነው። ከደም፣ ከሽንት፣ ከአክታ፣ ከመግል፣ ከጀርባ ከሚቀዳ ፈሳሽ ባክቴሪያ ፈልጎ ማሳደግ፣ ማንነቱን መለየት፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚያሸንፈው ማሳየት ነው። በዚህ ሥራ በቆየሁ ቁጥር አንድ እምነት እየጠነከረብኝ መጥቷል። የምርመራው ግማሽ የሚሠራው እኛ ጋ አይደለም። የሚሠራው በሽተኛው አጠገብ፣ ናሙናው በሚወሰድበት ሰዓት ነው። ምንም ያህል ዘመናዊ ማሽን ቢኖረን ያልደረሰንን ባክቴሪያ ማሳደግ አንችልም።

በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው ያየ፣ ደሙ በባክቴሪያ የተጥለቀለቀ ቢመስለው አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን የገባ አዋቂ ሰው፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ10 ያነሰ ባክቴሪያ ነው ያለው። አንዳንዴም አንድ እንኳን አይሞላም። እንዲህ ከሆነ አንድ ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ሁለት ብትጨምሩ ኖሮ ታገኙት ነበር።

ለዚህ ነው ስለ ደሙ መጠን የምንጨቀጭቀው። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። አንድ ዙር ማለት ሁለት ጠርሙስ ነው። አንዱ ኦክስጅን ባለበት ለሚያድጉት፣ ሌላው ኦክስጅን በሌለበት ለሚያድጉት ባክቴሪያዎች ነው። ቢያንስ ሁለት ዙር መወሰድ አለበት፤ ያውም ከሁለት የተለያየ የደም ሥር። ሲደመር ወደ 40 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ይህን ስናገር የሚደነግጥ አለ። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ገደማ ደም አለ። የምንጠይቀው ከዚያ አንድ በመቶ እንኳን አይሆንም። ጠርሙሱ በ3 ሚሊ ሊትር ሲመጣ ግን ባክቴሪያውን የማግኘት ዕድላችን ገና ከመነሻው በጣም ዝቅ ይላል። ያ ሰው ደግሞ መርፌውን እንደሆነ አንዴ ተወግቷል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከባድ ሴፕሲስ፣ ማለትም ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ያናጋበት አደገኛ ሁኔታ፣ ካለባቸው በሽተኞች ከአንቲባዮቲክ በፊት ደም ወሰዱ። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ከነዚያው ሰዎች እንደገና ወሰዱ። በፊት ከተወሰደው ባክቴሪያ የታየው በ31 በመቶ ገደማው ነው። በኋላ በተወሰደው ግን ወደ 19 በመቶ ወረደ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ በሽታውም ያው ነው። አንድ ዙር መድኃኒት ብቻ ነው በመሃል የገባው።

እዚህ ላይ በደንብ መግባባት አለብን። ባክቴሪያው ከደም ጠፋ ማለት በሽተኛው ዳነ ማለት አይደለም። ሳንባው ወይም ኩላሊቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እኛ ማየት አቃተን ማለት ብቻ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ደም ግፊቱ የወደቀን ሰው «ካልቸሩ (የማሳደግ ምርመራው) ይቅደም» ብሎ መድኃኒት ማዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። ያንን ማንም እንዲያደርገው አልፈልግም። ደም መውሰድ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። መድኃኒቱ እስኪበጠበጥ ድረስ ይደረሳል።

ጠርሙሱ እኛ ጋ ሲደርስ ማሽን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ በሰውነት ሙቀት ገደማ ይዞ ይጠብቀዋል። ባክቴሪያ ካለ ይባዛል። ሲባዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ማሽኑም ለውጡን አይቶ ይጮኻል። አብዛኛው እውነተኛ ኢንፌክሽን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይታያል። ለጥንቃቄ ግን ጠርሙሱን ብዙ ጊዜ እስከ 5 ቀን እናቆየዋለን።

ማሽኑ ሲጮህ የምንሠራው የመጀመሪያ ሥራ በጣም ያረጀ ነው። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርቀን እናቀልመዋለን። መጀመሪያ ሐምራዊ ቀለም፣ ቀጥሎ አዮዲን፣ ከዚያ አልኮል፣ በመጨረሻ ቀይ ቀለም። ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ባክቴሪያዎች ሐምራዊውን ይዘው ይቀራሉ። ግድግዳቸው የሳሳው ይለቁትና ሮዝ ሆነው ይታያሉ። ሁሉም ነገር በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም ይህን ዘዴ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1884 በርሊን ውስጥ ነው። በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን ሳንባ እየመረመረ ነበር። ጽሑፉን ሲያሳትም ዘዴው ገና ብዙ ጉድለት እንዳለበት እንደሚያውቅ ጻፈ። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ይጠቀሙበት ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ጎዶሎ ነው ብሎ መሳቢያው ውስጥ ሊያስቀረው ይችል ነበር። ዛሬ በየትኛውም የዓለም ጫፍ ያለ የባክቴሪያ ላብራቶሪ ያለዚህ ዘዴ ቀኑን አይጀምርም።

እዚያው ማይክሮስኮፕ ፊት ሆኜ ስልክ አነሳለሁ። ገና ስሙን አላውቀውም። የማውቀው ቅርጹንና ቀለሙን ነው። «ሐምራዊ፣ ክብ ክብ፣ በዘለላ የተሰበሰበ» ካልኩ ሐኪሙ ስታፊሎኮከስን ያስባል። «ሮዝ፣ ዘንግ መሰል» ካልኩ ሐሳቡ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። በሽተኛው የጀመረው ቫንኮማይሲን ብቻ ከሆነና እኔ ሮዝ ዘንጎች ካየሁ፣ መድኃኒቱ በዚያው ሌሊት መለወጥ አለበት። ቫንኮማይሲን በነዚህ ላይ አይሠራም። እስከ ነገ ጠዋት የሚጠበቅ ወሬ አይደለም። ይህ ጥሪ ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ክፍል ነው።

ማሽኑ የጮኸ ሁሉ ግን በሽታ አይደለም። በቆዳችን ላይ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል። ሁላችንም ላይ አለ። ቆዳው በደንብ ካልጸዳ በመርፌው በኩል ጠርሙሱ ውስጥ ይገባና ያድጋል። ችግሩ ይኸው ባክቴሪያ አንዳንዴ እውነተኛ በሽታ ማምጣቱ ነው። በተለይ በትልቅ የደም ሥር ውስጥ ቱቦ ያላቸውና ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የተገጠመላቸው ሰዎች ላይ እንዲህ ያደርጋል። ታዲያ እንዴት ይለያል? ከአራት ጠርሙስ በአንዱ ብቻ ካደገ ከቆዳ የመጣ ነው ብለን እንጠረጥራለን። ከሁለት የተለያየ ቦታ በተወሰዱት በአራቱም ካደገ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ጠርሙስ ብቻ ከተላከልን ግን መለያ የለንም።

እንዲህ ያለ የተበከለ ናሙና ዋጋው ከባድ ነው። ሰውየው የማያስፈልገው መድኃኒት ለቀናት ይወስዳል። ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዝለታል፣ አልጋ ላይ ይቆያል። የተበከለው ከ100 ናሙና ከ3 በታች መሆን አለበት የሚለው መለኪያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው ቀላል ነገር ነው። ቆዳውን በአልኮልና ክሎርሄክሲዲን መጥረግ። እስኪደርቅ መጠበቅ፤ ምክንያቱም ፈሳሹ ባክቴሪያውን ለመግደል ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የደም ሥሩን እንደገና በጣት አለመዳሰስ። የጠርሙሱንም ጎማ በአልኮል መጥረግ። ክዳኑ ሲነሳ ንጹሕ የሚመስለው ጎማ ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ሌሎቹም ናሙናዎች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ብዙ ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን የሚያመጣው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ በሚመቸው ሁኔታ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። በዚያ ፍጥነት አንዱ በ4 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 በላይ ይሆናል። እንግዲህ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ቀን የዋለ ሽንት ምን ሊነግረን ይችላል? ሽንት በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ ካልሆነ ፍሪጅ ይግባ። ለማጅራት ገትር የተቀዳ የጀርባ ፈሳሽ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ በሽታውን የሚያመጣው ዋናው ባክቴሪያ ቅዝቃዜ አይችልም። አክታ ሲመጣ መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ እናየዋለን። የአፍ ሽፋን ሴሎች ሞልተውበት ነጭ የደም ሴል ከሌለው ምራቅ ነው። ሌላ እንዲላክ እንጠይቃለን። ይህ ሲሆን የሚቆጣ ሰው አለ። ምራቅ አሳድጎ የአፍ ባክቴሪያን የሳንባ ምች ምክንያት ማስመሰል ግን በሽተኛውን ማሳሳት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ለማንም አልለሳለስም።

ከሁሉም በላይ በስህተት የሚነበበው ውጤት «ምንም አላደገም» የሚለው ነው። ብዙዎች «ኢንፌክሽን የለም» ብለው ያነቡታል። በዚህ ጠርሙስ ውስጥ፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ ሰዓት በተወሰደ ደም፣ በዚህ ዘዴ ሊያድግ የሚችል ባክቴሪያ አላገኘንም ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። መድኃኒት ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ደሙ አንሶ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው በተራ ጠርሙስ የማያድግ ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ አንዴ ለመባዛት 20 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል፤ ለማሳደግ ሳምንታት ያስፈልጋል። የቂጥኝ ባክቴሪያ ደግሞ በተለመዱት ማሳደጊያዎቻችን ላይ ጭራሽ አያድግም። በእርግጥ ምንም ላይኖርም ይችላል፤ ያኔ አንቲባዮቲኩን ማቆም ትልቅ ውለታ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመወሰን ደሙ መቼና ስንት እንደተወሰደ ማወቅ ግድ ነው።

ባክቴሪያው ካደገ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ መድኃኒቱ ነው። እዚህ ላይ የምወደውን አንድ ምርመራ ላንሳ። ስታፊሎኮከስን የባክቴሪያ ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ዘርተን መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ የወረቀት ዲስኮች እናስቀምጣለን። በማግስቱ መድኃኒቱ የሠራበት ቦታ ባክቴሪያ የሌለበት ክብ ሆኖ ይታያል። ክሊንዳማይሲን የሚባለው መድኃኒት ብቻውን ሲቀመጥ ሰፊና የሚያምር ክብ ሊሰጥ ይችላል። «ይሠራል» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ግን የሌላ መድኃኒት፣ የኤሪትሮማይሲን፣ ዲስክ ከ15 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ አጠገቡ ስናስቀምጥ አንዳንዴ ያ ክብ በአንድ ጎኑ ይጨፈለቃል። የላቲኑን «ዲ» ፊደል ይመስላል። ባክቴሪያው ውስጥ ተኝቶ የነበረ መከላከያ አለ፤ ኤሪትሮማይሲን ሲነካው ነቅቶ ክሊንዳማይሲንንም ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ያንን ጎን ሳናይ «ይሠራል» ብለን ብንልከው በሽተኛው መጀመሪያ ተሽሎት በኋላ ሊያገረሽበት ይችላል። ይህን ለማወቅ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ሁለት ዲስክ በትክክለኛው ርቀት፣ እና ተጠግቶ የሚያይ ሰው በቂ ነው።

ማሽኖቹን እያጣጣልኩ አይደለም። ዛሬ ከሳህን ላይ ጥቂት ባክቴሪያ ወስዶ የፕሮቲኖቹን ክብደት በሌዘር እየለካ በደቂቃዎች ውስጥ ስሙን የሚናገር መሣሪያ አለ። ድሮ ለዚህ አንድና ሁለት ቀን እንጠብቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የደገፈው የጂን ምርመራ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳን፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የነቀርሳ መድኃኒት የሚቋቋም መሆን አለመሆኑንም ጭምር፣ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይናገራል። ለሳምንታት ይጠበቅ ለነበረ መልስ ይህ ተአምር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነው። የአውሮፓው ደረጃ አውጪ ኮሚቴ ኢዩካስት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ዘዴ አለ። ማሽኑ ከጮኸበት ጠርሙስ በቀጥታ ሳህን ላይ ይዘራል፣ የተለመዱት ዲስኮች ይቀመጣሉ፣ ክቡ በ4፣ በ6 ወይም በ8 ሰዓት ይነበባል። አዲስ መሣሪያ የለውም። የሚፈልገው በሰዓቱ መጥቶ የሚያነብ ሰው ነው። ጠዋት የጮኸ ጠርሙስ ከሰዓት መልስ ሊሰጥ ይችላል።

ላብራቶሪው ከአንድ በሽተኛ በላይ የሚያየው ነገርም አለ። እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን በሽተኛ ያያል። እኛ የሁሉንም ናሙና ጎን ለጎን እናያለን። ከሦስት የተለያዩ አልጋዎች አንድ ዓይነት ባክቴሪያ፣ ያውም ተመሳሳይ መድኃኒቶችን የሚቋቋም፣ በአንድ ሳምንት ሲመጣ ጸጉሬ ይቆማል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። የኢንፌክሽን መከላከል ቡድኑን ያኔውኑ መጥራት ያስፈልጋል። መነሻው የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ሊሆን ይችላል። የጋራ ዕቃ ወይም የአንዳችን እጅም ሊሆን ይችላል።

ደግሞ መከላከል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የተደረገ ጥናት ከመቶ በላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎችን ያካተተ ነበር። ትልቅ የደም ሥር ውስጥ ቱቦ ሲገባ አምስት ነገር እንዲደረግ ነው የጠየቁት። እጅ መታጠብ፣ ቆዳውን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ሙሉ የመከላከያ ልብስ መልበስ፣ ከተቻለ የብሽሽቱን የደም ሥር መተው፣ የማያስፈልግ ቱቦ ወዲያው ማውጣት። በቱቦው ምክንያት የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ ቀነሰ፤ ለ18 ወርም እንደዚያው ቆየ። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። ስለ እጅ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፤ አልኮል ተቅማጥ የሚያመጣውን የክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የተኛውን መልኩን፣ አይገድልም። እንዲህ ያለ ተቅማጥ ባለበት ክፍል ውኃና ሳሙና ነው የሚያዋጣው።

እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገመታል። ይህ ግምት የተሠራው እንደኛ ካሉ ላብራቶሪዎች በተሰበሰቡ ውጤቶችም ጭምር ነው። እኛም በዓመት አንዴ የራሳችንን ሰንጠረዥ እናወጣለን፤ አንቲባዮግራም ይባላል። የትኛው ባክቴሪያ ለየትኛው መድኃኒት በስንት መቶኛ እንደተሸነፈ ያሳያል። ውጤት ገና ያልደረሰለትን በሽተኛ የሚያክም ሐኪም መጀመሪያ የሚመለከተው እሱን ነው። ስለዚህ ስንሠራው እንጠነቀቃለን። ከአንድ ሰው በዓመቱ የመጀመሪያውን ባክቴሪያ ብቻ እንቆጥራለን። ያለዚያ ደጋግሞ የታመመ አንድ ሰው ሰንጠረዡን ብቻውን ያበላሸዋል። ከ30 ያነሰ ናሙና ያለውን ባክቴሪያም ለብቻው በመቶኛ አናወጣም።

ልናስተካክለው የማንችለው አንድ ነገር ግን አለ። ናሙና የሚላክልን መድኃኒት ተሞክሮ እምቢ ካለ በኋላ ብቻ ከሆነ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ የሚገቡት ግትሮቹ ብቻ ናቸው። በተራው መድኃኒት የዳኑት አይታዩም። መቶኛው ከእውነታው የከፋ ይሆናል። ሐኪሙ ያንን አይቶ ከመጀመሪያው ወደ ጠንካራው መድኃኒት ይሄዳል። ጠንካራውም በተራው በባክቴሪያዎቹ መለመድ ይጀምራል። ለዚህ ነው በሽተኛ ለምታዩ ባልደረቦቼ የማቀርበው ልመና ከባድ በሽተኞችን ብቻ የሚመለከት ያልሆነው። ገና ምንም ያልወሰደች፣ ሽንቷ የሚያቃጥላት፣ በእግሯ ሄዳ የመጣች ሴት ስታጋጥማችሁ፣ ሁልጊዜ ባይቻል እንኳን አልፎ አልፎ፣ መድኃኒቱን ከመጻፋችሁ በፊት የሽንቷን ናሙና ላኩልን። ሰዓቱንም ጻፉበት።